ለኪችን ካቢኔት ገጣሚ፦ የትኛው መሣሪያ ይቅደም፣ የትኛውስ ይቆይ?

ኪችን ካቢኔት መግጠም አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ እንጀራ ሆኗል። የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው ቀድሞ ከሚያሠራቸው ነገሮች አንዱ ኪችን ነው። ከሰው ወርክሾፕ ወጥቶ በራሱ መሥራት የጀመረ ወጣት አናጺም ጥያቄው ያው ነው፤ በእጄ ባለችው ገንዘብ ምን ልግዛ?

ኢንተርኔት ላይ የመሣሪያ ዝርዝር ሞልቷል። ግን አብዛኛው የተጻፈው ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ገጣሚ ነው። እዚያ ግድግዳውም ሌላ፣ የሥራ ክፍፍሉም ሌላ። ለምሳሌ የእንግሊዞቹ ራውተር (እንጨት የሚቀርጽ ማሽን) እና የቶፕ፣ ማለትም የካቢኔው የላይ ጠረጴዛ፣ መገጣጠሚያ ጂግ (ማሽኑን የሚመራ ቅርጽ) ቀድመህ ግዛ ይሉሃል። እነሱ ጋ ላሚኔት (ስስ ልባስ የተለጠፈበት ቦርድ) ቶፕ ብዙ ስለሚገጠም ማዕዘን ላይ የሚጋጠመውን የሚያስተካክለው ገጣሚው ራሱ ነው። እኛ ጋ ቶፑ በብዛት ግራናይት ነው፤ እሱን የሚለካውም የሚቆርጠውም የግራናይት ባለሙያው ነው። ያንን ዝርዝር አምነህ የገዛኸው ራውተር ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ገንዘብህን ሞተር ላይ አትጨርስ። ሁለት ቦታ ላይ አውጣው፤ መለኪያው ላይ፣ እና እንጨቱን በቀጥታ የሚነካው ጫፍ ላይ። ጫፍ ስል መጋዙን፣ ፑንታውን፣ የብሎን መፍቻውን ቢት ማለቴ ነው። መካከለኛ ድሪል ጥሩ ፑንታ ከገባለት ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል። ውድ ድሪል በደነዘ ፑንታ ላሚኔቱን ይሸርፈዋል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አይጨበጥም። የሚጠቅመው የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቁ ነው።

ለወርክሾፕ የሚተወው

መጀመሪያ የማትገዛውን እንለይ። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው። ይህን በእጅ ማሽን ፎቅ ላይ መቆራረጥ ጊዜም ቦርድም ማባከን ነው። ቦርድ ከሚሸጡት መካከል በትልቅ ማሽን ቆርጠው፣ ጠርዙንም በሙቅ ኮላ ለጥፈው የሚያስረክቡ አሉ። የቁርጥ ዝርዝርህን በሚሊ ሜትር ጽፈህ ስጣቸው። ጠረጴዛ መጋዝና የጠርዝ መለጠፊያ ማሽን የመግዛት ሐሳብህን እዚያው ዝጋው። የራስህ ወርክሾፕ ስትከፍት ታስብበታለህ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ደንበኛው ቤት ይዘኸው ስለምትገባው ዕቃ ብቻ ነው።

የጎማ ውሃ ልክ፣ የእጅ ውሃ ልክ ወይስ ሌዘር?

ብዙ ሰው ከድሪል ይጀምራል። እኔ ከውሃ ልክ እጀምራለሁ። ምክንያቱም የታችኛው ካቢኔ ላይ የሚያርፈው ግራናይት አይታጠፍም። ካቢኔዎቹ በ3 ሚሊ ሜትር ከተበላለጡ ግራናይቱ አንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በሲልከን ይደፈናል። አንድ ቀን ከባድ ድስት ሲያርፍበት ደግሞ ሲንኩ የተቆረጠበት ቀጭን ቦታ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጎማ ውሃ ልክ የሚያሳፍር ዕቃ አይደለም። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውሃ ይሞላል፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ውሃው እኩል ይቆማል። ባትሪ የለው፣ አይበላሽ፣ ማዕዘን ዞሮ እንኳን ይለካል። ትክክለኛነቱ ከብዙ ውድ ዕቃ አያንስም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ይዋሻል፤ ከታጠፈም እንደዚያው። ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ እዚህ ይይዛል፣ ሌላው እዚያ ምልክት ያደርጋል።

ሌዘር ይህን የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው አደረገው። ለኪችን የሚበቃህ አግድምና ቀጥታ መስመር የሚያወጣው ነው። በሁሉም አቅጣጫ 360 ዲግሪ የሚዞረው ለጂብሰም ኮርኒስ ሠራተኛ ይጠቅማል፤ ለአንተ ትርፍ ወጪ ነው። ቀይና አረንጓዴ አለ። አረንጓዴው ለዓይን በጣም ጎልቶ ይታያል፤ ባትሪ ግን ቶሎ ይጨርሳል። መጋረጃ ያልተሰቀለበት፣ በትልቅ መስኮት ፀሐይ የሚገባበት አዲስ አፓርታማ ውስጥ ቀዩን ፍለጋ ዓይንህን ስታሻሽ ትውላለህ። ስለዚህ ሌዘር ከገዛህ አረንጓዴውን ግዛ።

ሳጥኑ ላይ «±3 ሚሊ ሜትር በ10 ሜትር» የሚል ብታይ አትደንግጥ። 3 ሜትር ኪችን ላይ ስሕተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ችግሩ ርካሹ ሌዘር ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አለማክበሩ ነው። መሞከሪያው እዚያው አለ። በጎማው ቱቦ ሁለት ግድግዳ ላይ እኩል ነጥብ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ የሌዘሩን መስመር አንዱ ነጥብ ላይ አስተካክለህ ሌላው ላይ ማረፉን እይ። ካላረፈ ለሻጩ መልስ። በጉዞ ላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሚዛን መቆለፍ አትርሳ፤ ሚኒባስ ላይ ሲንገጫገጭ የሚውል ሌዘር ብዙ አይቆይም።

የእጅ ውሃ ልክ ግን ሌዘር ኖረም አልኖረም ያስፈልግሃል። 60 ሴንቲ ሜትሩ ለአንድ ካቢኔ ነው። 120ው ደግሞ ሁለትና ሦስት ካቢኔ ላይ አርፎ እውነቱን ይናገራል። ሱቅ ውስጥ ሳትከፍል ሞክረው። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ አረፋው የት እንደቆመ እይ። ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙረህ እዚያው ቦታ መልሰህ አስቀምጠው። አረፋው ያው ቦታ ከቆመ ደህና ነው። ወደ ሌላ ከሸሸ ውሃ ልኩ ጠማማ ነው። ሻጩ «ባንኮኒው ነው» ሊልህ ይችላል። አይደለም፤ ባንኮኒው ጠማማ ቢሆን እንኳን ትክክለኛ ውሃ ልክ ሲዞር አረፋውን እዚያው ያቆማል።

ምርጫው እንዲህ ነው። ረዳት ካለህ የጎማ ቱቦና ጥሩ የ120 ውሃ ልክ ይዘህ ጀምር፤ ሌዘሩ ይቆይ። ብቻህን የምትሠራ ከሆነ ግን ሌዘሩን ከሁለተኛ ድሪል አስቀድም።

በየትኛውም ብትለካ ሥራህን ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ጀምር። የኮንዶሚኒየም ወለል ሜዳ አይደለም። የካቢኔው እግር ቁመት ይጨምርልሃል እንጂ ወለሉን አይቆፍርልህም። ግራናይቱን ጨምሮ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚለውን ቁመት ከዝቅተኛው ቦታ ከለካህ ሌላኛው ጫፍ ላይ እግሩ አይገባልህም።

ስለ ሜትር አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወዲያ ወዲህ ይላል። ተበላሽቶ አይደለም። ከውጭ ስትስበውና ግድግዳ ላይ ስትገፋው የራሱን ውፍረት እንዲያካክስ ታስቦ ነው የተሠራው። በመዶሻ ቀጥቅጠው የሚያጠብቁት ልጆች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

ድሪል፦ 12፣ 18 ወይስ 20 ቮልት?

መጀመሪያ ግርታውን እናጥራ። «20 ቮልት ማክስ» የሚለውና 18 ቮልት የሚለው አንድ ዓይነት ባትሪ ነው። ውስጡ አምስት ሴል በተከታታይ አለ። እያንዳንዱ ሙሉ ሲሞላ 4 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ሥራ ላይ ሲሆን 3.6። አንዱ ኩባንያ የሞላውን ጻፈ፣ ሌላው የሚሠራበትን። ለ20ው ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

ለኪችን ብቻ ከሆነ 12 ቮልቱን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ግን የሚናቅ አይደለም። ቀላል ነው። ጠባብ ካቢኔ ውስጥ እጅህን አስገብተህ ማጠፊያ ስታስር የ18ቱ ትልቅነት ያስመርርሃል። 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ጉልበት ያለው ጥሩ 12 ቮልት የኪችን ብሎን በሙሉ ይነዳል። ሆኖም ያው ባትሪ ጂግሶም (ቀጭን መጋዙ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ማሽን)፣ ሰርኩላርም (ክብ መጋዝ ያለው ማሽን) እንዲያንቀሳቅስልህ ካሰብክ 18ቱን ያዝ። እኔ አንድ ብቻ ግዛ ብባል 18ቱን እመርጣለሁ፤ ባትሪው ብዙ ቦታ ስለሚገባ።

ከቮልቱ በላይ የማየው ክላቹን ነው። የድሪሉ አፍ አጠገብ ቁጥር ያለበት ቀለበት ማለት ነው። ዝቅ ስታደርገው ብሎኑ ሲጠብቅ «ትር ትር» ብሎ ራሱን ያቆማል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ላይ ይህ ወሳኝ ነው። አንዴ ከልክ በላይ የዞረ ብሎን ቀዳዳውን ዱቄት ያደርገዋል፤ ማጠፊያው ደግሞ ተመልሶ አይይዝም።

ለዚህ ነው ኢምፓክት ድራይቨርን ቀድመህ አትግዛ የምለው። ልጆች ድምፁንና ጉልበቱን ይወዱታል። አብዛኛው ግን ይህ ክላች የለውም፤ እየመታ ይነዳል። ረጅም ብሎን ወደ ጠንካራ እንጨት ወይም ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ለመንዳት ንጉሥ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ማጠፊያ ብሎን ላይ ግን አጥፊ ነው። ሁለተኛ ማሽን ይሁን እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

አሁን ወደ ቢቱ። ብዙ ገጣሚ ብሎን እየላጠ «ብሎኑ ቻይና ነው» ይላል። ብሎኑን ቀረብ አድርገህ እየው። መስቀሉ መሐል፣ ከአራቱ ክንፎች መካከል ሌሎች አራት ቀጫጭን መስመሮች ካሉት ፒዜድ ነው። ከሌሉት ፒኤች ነው። የካቢኔ ብሎን አብዛኛው ፒዜድ 2 ነው። ሱቅ ስትሄድ ግን «ባለ መስቀል ቢት» ብለህ ስትጠይቅ የሚሰጥህ ብዙ ጊዜ ፒኤች 2 ነው። ይገባል፣ ግን አይሞላም፤ ይንሸራተታል፤ ብሎኑን ይልጣል፤ ሲንሸራተት ደግሞ ነጩ በር ላይ ጭረት ይተዋል። አንድ እፍኝ ጥሩ የፒዜድ 2 ቢት ከመላው መሣሪያ ሳጥንህ ርካሹ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሥራህን ይለውጠዋል።

ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ኮንክሪት?

ኤስዲኤስ ሃመር (እየመታ ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል) ልግዛ ወይስ ተራ ድሪል ይበቃኛል ለሚለው መልሱ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ነው። ኮለኑና ቢሙ ኮንክሪት፣ መሐሉ ብሎኬት። ብሎኬቱ ከልስኑ ኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሥጋ አለው፤ ከዚያ ባዶ ነው። እዚህ ላይ በኤስዲኤስ መዶሻ ከመታኸው ከውስጥ በኩል ተገምሶ ይወድቃል። ድምፁን ትሰማዋለህ፤ ፑንታው ድንገት «ቡፍ» ብሎ ይገባል፣ ፍርስራሹ ውስጥ ለውስጥ ሲንኮታኮት ይሰማል። ከዚያ ፊሸሩ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። ብሎኬትን መዶሻውን አጥፍተህ፣ በዙር ብቻ፣ በስለታም የግንብ ፑንታ ብሳ። ጊዜ ይወስዳል። ቀዳዳው ግን ክብ ሆኖ ይቀራል።

ኮንክሪት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ተራ «ሃመር» ያለው ድሪል ኮለን ላይ ይጮሃል እንጂ አይገባም። ፑንታው ይቀላል፣ ድሪሉ ይሞቃል፣ አንተ ትደክማለህ። ትንሹ ኤስዲኤስ ፕላስ ግን ብዙም ሳትገፋው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ይገባል። ሚስጥሩ አመታቱ ነው። የተራው ድሪል ምት የሚመጣው ከሁለት ጥርሳም ብረቶች መፋጨት ነው። ኤስዲኤሱ ውስጥ ግን በአየር ግፊት የሚወረወር ፒስተን አለ።

ስለዚህ ሥራህ በአብዛኛው ኮንዶሚኒየምና የግል ቤት ከሆነ ኤስዲኤሱን መግዛት ማቆየት ትችላለህ፤ ለአልፎ አልፎው ተከራይ። ግድግዳቸው ሙሉ ኮንክሪት የሆነ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የምትሠራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ግዛው። ስትገዛ መዶሻውን ለብቻው ማጥፋት የሚቻልበትን ምረጥ፤ አንዱ ማሽን ለሁለቱም ግድግዳ ይሆንልሃል። ደግሞ ባለ ገመድ ይሁን። የዚህን ጉልበት በባትሪ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ሁለት መሣሪያ ይገዛል።

የላይኛውን ካቢኔ ብሎኬት ላይ ስትሰቅል ሁለት አማራጭ አለህ። አንዱ በካቢኔው ጀርባ በቀጥታ በሁለት ብሎን ማሰር ነው። ሌላው ግድግዳው ላይ የብረት መስቀያ ሐዲድ በብዙ ቦታ አስረህ ካቢኔውን እሱ ላይ መስቀል። እኔ ሐዲዱን እመርጣለሁ። ክብደቱ ይከፋፈላል፤ አንዱ ፊሸር ባይዝ እንኳን ሌሎቹ አሉ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሐዲዱ ኮለኑን እንዲነካ አድርግ። የቤት እመቤቷ ሰሐኖቿን በሙሉ እዚያ ውስጥ እንደምትደረድር አትዘንጋ።

ከመብሳትህ በፊት ሶኬቶቹንና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን እይ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ የሚጠቁም መሣሪያ ያን ያህል ውድ አይደለም። በባትሪ ድሪል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ብሬከሩን አጥፍተህ ብሳ፤ ምንም አያጎድልብህም።

ጂግሶ ወይስ ሰርኩላር?

ቦርዱ ተቆርጦ ቢመጣም ቤት ውስጥ የሚቆረጥ አይጠፋም። የሲንክ ቧንቧ ማሳለፊያ፣ የሶኬት ቀዳዳ፣ ጠማማ ግድግዳ ጋ የሚሞላ ቁራጭ፣ ዞኮሎ (የካቢኔው እግር መሸፈኛ)።

አንዱን ብቻ የምትገዛ ከሆነ ጂግሶ ይሁን። ቀጥታም፣ ክብም፣ ጠማማም ይቆርጣል። ጠማማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥሩ ገጣሚና ተራ ገጣሚ የሚለየው እዚህ ነው። የመጨረሻው ካቢኔና ግድግዳው መካከል ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ከላይ ሰፊ ሆኖ፣ መሐል ላይ ጠቦ፣ ታች እንደገና ይሰፋል። ተራው ገጣሚ ቀጥ ያለ ቁራጭ ሰክቶ የቀረውን በሲልከን ይሞላል። አንተ ግን ቁራጩን ግድግዳው አጠገብ ቀጥ አድርገህ በሞርሳ ያዘው። ከሰፊው ክፍተት ትንሽ የሚበልጥ የእንጨት ቁራጭ ከእርሳስህ ጋር ያዝ። ይህን ትንሽ እንጨት ግድግዳውን እያስነካህ ከላይ እስከ ታች ሳበው። እርሳሱ የግድግዳውን ጠማማነት እንዳለ ቦርዱ ላይ ይስለዋል። በጂግሶ መስመሩን ተከትለህ ቁረጥ፤ መጋዙን ወደ ኋላ ትንሽ አዘንብለው። ከዚያ ቁራጩ ግድግዳው ላይ ልክክ ይላል።

የጂግሶ መጋዝ ሲወጣ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ የሚሸረፈው የላይኛው ፊት ነው። የእጅ ሰርኩላርም እንደዚሁ ከታች ወደ ላይ ይቆርጣል። በሁለቱም ስትቆርጥ መልካሙን ፊት ወደ ታች ገልብጠው። ከላይ መቁረጥ ግድ ከሆነ ጥርሱ ወደ ታች የዞረ የላሚኔት መጋዝ አለ፤ እሱን ግዛ። ሲቆርጥ ማሽኑን ወደ ላይ ስለሚገፋ ጠበቅ አድርገህ ያዝ።

ሰርኩላሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ቁርጥ ስትፈልግ ይመጣል፤ የጎን መሸፈኛ፣ ረጅም ዞኮሎ። እዚህም የማሽኑ ስም ሳይሆን መጋዙ ነው የሚፈርደው። አብሮት የሚመጣው ብዙ ጊዜ 24 ጥርስ አካባቢ ነው፤ ለቆርቆሮ ቤት ማገር ይሆናል። ለላሚኔት 48 ጥርስ አስገባበት። መሪ ሐዲድ ያለው ውድ ዓይነት አለ፤ ቆንጆ ነው። ጥሩ መጋዝ ያለው ተራ ሰርኩላርና በሁለት ሞርሳ የታሰረ ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ግን ወደዚያ በጣም ይጠጋል። የቀረውን ገንዘብ ሌዘር ግዛበት።

መልቲ ቱል የሚባለውን እየተንቀጠቀጠ የሚቆርጥ ማሽንም ጠይቀውኛል። የተገጠመ ካቢኔ ጀርባ ላይ የሶኬት ቀዳዳ ለማውጣት የሚተካው የለም። መጋዙ ቶሎ ያልቃል፣ መጋዙም ይወደዳል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ግዢ ይሁን።

የ35 ሚሊ ሜትሩ ፑንታ

የካቢኔ በር ማጠፊያ 35 ሚሊ ሜትር ክብ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጥልቀቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ። በሩ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚተርፈው 3 ነው። ርካሹ ፑንታ መሐሉ ላይ ረጅም ሹል አለው። ያ ሹል ጉድጓዱ ሳያልቅ በበሩ ፊት በኩል ብቅ ይላል። በሩ አለቀ። ስትገዛ ሹሉን በሜትር ለካው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ጫፉ ላይ ጠንካራ የካርባይድ ስለት ያለውን ምረጥ፤ ተራው ብረት ኤምዲኤፍ ውስጥ ባለው ሙጫ ቶሎ ይደንዛል። ጥልቀት የሚያቆምና ከጠርዙ ያለውን ርቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ ጂግ ካገኘህ አብረህ ያዘው። ወርክሾፑ ቀድሞ በስቶልህ ከሆነ ግን ይህን ክፍል ዝለለው።

ከአሜሪካ የሚላክ ድሪል

አጎት ወይም እህት ከዋሽንግተን «ምን ላምጣልህ?» ሲሉ ብዙ ልጅ ድሪል ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እውነተኛ ዕቃ ታገኛለህ። ግን የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ባለ ገመድ ማሽን ከመጣልህ ያለ ትራንስፎርመር ሰክተህ ታቃጥለዋለህ። የባትሪው ድሪል ችግር የለውም፤ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ግን አንብብ። 120 ብቻ ካለ እሱም ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ቻርጀሩን እዚህ መግዛት ይሻላል፤ ለዚህም የባትሪው ዓይነት አዲስ አበባ ገበያ ላይ ያለ መሆን አለበት። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ሦስት ካሬ እግር ላለው መሰኪያ አስማሚ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

አውሮፕላን ላይ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። ከ100 ዋት አወር በላይ ከሆነ ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። 18 ቮልት በ5 አምፔር አወር ስታባዛ 90 ይሆናል፤ ያልፋል። ባለ 6ቱ 108 ነው። ስለዚህ ባለ 5ቱን ላኩልኝ በል።

አንድ የባትሪ ቤተሰብ መርጠህ እዚያው ቆይ። ሁለት ዓይነት ባትሪ ማለት ሁለት ቻርጀር፣ ሁለት ወጪ ማለት ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ መብራት ገና ያልገባበት ቀን ይኖራል፤ የገባበትም ጠዋት ኖሮ ከሰዓት ይሄዳል። ሁለት ባትሪ ማታ ሞልተህ ከወጣህ የድሪል ሥራህ አይቆምም።

ማስክ

የኤምዲኤፍ አቧራ ቀላል ነገር አይደለም። የእንጨት ብናኝም፣ በሙጫው ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለሰው ካንሰር አምጪ ተብለው ተመድበዋል። ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ይህን ብናኝ አያቆምም። ኤፍኤፍፒ 2 የሚል የተጻፈበትን ወይም ከዚያ በላይ ግዛ። የሰው ቤት ውስጥ የምትቆርጥ ከሆነ ከጂግሶው ጋር የሚያያዝ ቫክዩም ለሳንባህም ለስምህም ይጠቅማል፤ በዱቄት የተሸፈነ ሶፋ የሚያይ ደንበኛ ለጎረቤቱ ስልክህን አይሰጥም።

ሱቅ ስትገባ

ሰማያዊውና አረንጓዴው ቦሽ አንድ አይደለም። ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ሥራ ነው። አረንጓዴው መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ አልታሰበም። ማኪታና ዲዋልት ጥሩ ናቸው፤ ግን ታዋቂ ስም ሁሉ አስመሳይ አለው። ሌሎች ሱቆች ከሚሉት ዋጋ በግማሽ ከወረደ ጠርጥር። የመለያ ቁጥሩ ማሽኑ ላይና ሳጥኑ ላይ አንድ መሆኑን እይ። ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት የቻይና ዕቃዎች ደግሞ በዋጋቸው ልክ የሚታመኑ ናቸው። ለኤስዲኤስና ለሰርኩላር ከእነሱ ብትጀምር አልቃወምም። ለመለኪያና ለፑንታ ግን ርካሽ አትፈልግ። ምናለሽ ተራ ላይ ያገለገለ ሞርሳ፣ ስኳድራና መሮ ታገኛለህ፤ ብረት አያረጅም። ያገለገለ የባትሪ ዕቃ ግን ከዚያ አትግዛ፤ የባትሪውን ዕድሜ ማየት አትችልም።

ባለ ካርቦን ሞተርና ብራሽለስን ለማነጻጸር ቀላሉ መንገድ ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ነው። ባለ ካርቦኑ ሲያልቅ ካርቦኑን ራስህ ትቀይራለህ፤ ርካሽ ነው። ብራሽለሱ ካርቦን የለውም፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ብዙ ይቆያል፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ከተቃጠለ ግን መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው። ለባትሪ ድሪል ብራሽለሱን፣ ለባለ ገመዱ ሃመር ባለ ካርቦኑን እመርጣለሁ። ሃመሩን ስትገዛ መለዋወጫ ካርቦን በሳጥኑ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ።

ከመክፈልህ በፊት ድሪሉ አፍ ላይ ረጅም ፑንታ አስገብተህ ቀስ ብለህ አዙረው። ጫፉ አንድ ቦታ ቆሞ ከዞረ ጥሩ። ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ሌላ አውጣልኝ በለው። ደረሰኝህን ተቀበል፤ የዋስትናውን ጊዜም እዚያው ላይ አስጽፈው።